ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?

ስለ ቀላል ሙዚቃ፣ ለጀማሪ አድማጮች

በዚህች ጋዜጣችን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ሒሳብ፣ ስለ ቋንቋ ትምህርትና ስለ ፈተና ዝግጅት ነው። ዛሬ ግን ከወትሮው ወጣ ያለ ነገር ይዤ ቀርቤአለሁ። ርዕሱን አይታችሁ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን ነካው?» እንዳትሉኝ፤ መጨረሻው ላይ ወደ ክፍላችን እመለሳለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። እዚህ አምቡሊ ከሰዓት በኋላ የማስጠናቸው ልጆች አሉ። አንድ ቀን መብራት ጠፋ፣ ቬንቲሌተሩ ቆመ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ እንደ ምጣድ ጋለ። በዚያ ሙቀት ስለ ክፍልፋይ ማውራት የማይታሰብ ነው። ልጆቹ እንዳይበተኑብኝ ብዬ ስልኬ ላይ የነበረ አንድ የፒያኖ ሙዚቃ ከፈትኩላቸው። ጸጥ አሉ። ሁለት ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ ከኋላ የተቀመጠ፣ ከመጣ ወር ያልሞላው ልጅ እጁን አወጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስም ሲጠራ «አቤት» ከማለት ሌላ ድምፁን ሰምተን አናውቅም።

«ቲቸር፣ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ። ማታ ጋደም ስል ግን ጥያቄው ተመልሶ መጣብኝ። ምክንያቱም ይህንኑ ጥያቄ እኔም ጠይቄዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ የዶርም ጓደኛዬ ይህንኑ ሙዚቃ ሲያሰማኝ «መግቢያው ረዘመ፣ ዘፈኑ የታለ?» ነበር ያልኩት። እኛ አገር ሙዚቃ ማለት በአመዛኙ ግጥም ነው። ሰው የሚሰማው ቃሉን፣ ሰሙንና ወርቁን ነው፤ መሣሪያው አጃቢ ነው። ስለዚህ ዘፋኝ የሌለው፣ ከበሮ የሌለው፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሙዚቃ ሲያጋጥመን ያላለቀ ነገር ይመስለናል። ይህ ጽሑፍ የዚያን ልጅ ጥያቄ ለመመለስ የተጻፈ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቀላል ስንል ምን ማለታችን ነው?

ክላሲካል ሙዚቃ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን መቶ ሰው የሚጫወትበት ትልቅ ኦርኬስትራ ነው። እሱም አለ። ነገር ግን በዚያው ዓለም ውስጥ በጥቂት ነገር ብቻ የሚሠራ ሙዚቃ አለ። አንድ ፒያኖ፣ አንዳንዴ አንድ ቫዮሊን ሲጨመርበት፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም መሣሪያ ሳይኖር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ የተነሣውን አንዱን ዓይነት ሚኒማሊዝም ይሉታል፤ «በትንሹ መሥራት» እንደማለት ነው።

ለጀማሪ እንዲመች ሦስት ምልክት ልስጣችሁ። አንደኛው ጥቂት ድምፅ ነው፤ ሙዚቀኛው ሊጠቀምባቸው ከሚችላቸው ብዙ ድምፆች ጥቂቶቹን ብቻ ይመርጣል። ሁለተኛው ድግግሞሽ ነው፤ አንዲት አጭር ሐረግ ትመላለሳለች፣ ለውጧም ትንሽ በትንሽ ነው። ሦስተኛው ዝምታ ነው፤ በሁለት ድምፅ መካከል ያለው ባዶ ቦታ የሙዚቃው አካል ነው። እነዚህን ሦስቱን ይዛችሁ ተከተሉኝ።

በነገራችን ላይ ቀላል ማለት ለመሥራት የቀለለ ማለት አይደለም። ብዙ ቅመም የገባበት ወጥ ላይ ትንሽ ስህተት ቢኖር ይደበቃል። ጨውና ውሃ ብቻ የገባበት ላይ ግን ጨው ከበዛ ሁሉም ያውቃል።

እማሆይ

ለዚያ ቀን ለልጆቹ የከፈትኩት ሙዚቃ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነበር። ብዙዎቻችን ስማቸውን የሰማነው ዘግይተን ነው። ታሪካቸው ደግሞ ለኛ ለስደተኞች የሚናገረው ነገር ስላለ በአጭሩ ልንገራችሁ።

እማሆይ በ1923 በአዲስ አበባ ተወለዱ። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በዘመኑ ከታወቁት የተማሩ ሰዎች አንዱ ነበሩ። እህታቸው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ መምህርትና ደራሲ ነበሩ፤ በ1957 ለፓርላማ በመመረጥም የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። ሁለቱ እህትማማቾች በልጅነታቸው፣ እማሆይ ገና የ6 ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ወደ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ሰው መንገዱ በዚህች በምንኖርባት ከተማ ነበር። በ1917 አዲስ አበባ በደረሰው የምድር ባቡር ጅቡቲ ይወርዳል፣ ከዚህ ወደብ መርከብ ይሳፈራል። ወደ ወደቡ በሄድኩ ቁጥር ይቺ የ6 ዓመት ልጅ ትዝ ትለኛለች።

ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተማሩ፣ ከዚያ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ የጣሊያን ወረራ መጣ። በ1937 ከቤተሰባቸው ጋር ተይዘው አሲናራ ወደምትባል የጣሊያን ደሴት፣ ቀጥሎም በናፖሊ አቅራቢያ ወዳለው መርኮሊያኖ ተጋዙ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳሉ ማለት ነው።

ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ። በቀን 9 ሰዓት ይለማመዱ ነበር፤ 4 ሰዓት ቫዮሊን፣ 5 ሰዓት ፒያኖ። የካይሮ ሙቀት ግን ጤናቸውን ስለጎዳው ተመለሱ። (የአምቡሊን ሐምሌ የምታውቁ ሰዎች እንደማትፈርዱባቸው አምናለሁ።)

ከዚያ ትልቁ ዕድል መጣ። ለንደን ሄደው ሙዚቃ እንዲማሩ መንገድ ተከፈተላቸው፤ ነገር ግን ከአገር የመውጫ ፈቃድ ሳያገኙ ቀሩ። በሩ ተዘጋ። በሐዘን ምግብ እምቢ ብለው እስከ ሞት አፋፍ ደረሱ። ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ወደ ጸሎት አዞሩ። ወሎ ውስጥ ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ፣ ለ10 ዓመት ያህልም በባዶ እግራቸው፣ ያለ ፒያኖ ኖሩ። ሲመለሱ ግን እጃቸው አልረሳም።

አሁን ለእኛ ለአስተማሪዎች ወደሚነካው ደረስኩ። በ1960ዎቹ እማሆይ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለማጥናት ጎንደር ነበሩ። እዚያ የቆሎ ተማሪዎችን አዩ። ለምነው የሚበሉ፣ ደጅ የሚያድሩ፣ ትምህርታቸውን ግን ያልተዉ ልጆች። የሚሰጧቸው ገንዘብ አልነበራቸውም። ያላቸው ሙዚቃ ብቻ ነበር። በዚሁ በ1960ዎቹ በጀርመን አገር ሸክላ አስቀርጸው ገቢውን ለችግረኛ ልጆች እንዲውል አደረጉ።

በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ። በ2006 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ ሲዲ 21ኛ ቁጥር ላይ ሙዚቃቸው ሲወጣ ዓለም ሰማቸው። የፒያኖ ኖታቸው በ2013 በመጽሐፍ ታተመ። እማሆይ በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ። በ2024 ደግሞ ራሳቸው በአማርኛ እያዜሙ በቤት ቴፕ የቀረጿቸው ዜማዎች ታተሙ። ስለዚህ ዘፋኙ የሚገባበትም አለ ማለት ነው፤ ልጁ ትንሽ መታገሥ ብቻ ነበረበት!

እንዴት እናዳምጣቸው?

ከሥራዎቻቸው አንዱ በእንግሊዝኛ የተሰጠው ርዕስ «ቤት አልባው ተንከራታች» እንደማለት ነው። ሌላው «የአገር ናፍቆት»፣ ሌላው «የባሕር ዜማ» ነው። ርዕሶቹን ብቻ አይቶ እንኳ ሰው ማንን እንደሚያስታውስ ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ ግራ እጃቸውን ተከተሉ። ግራ እጅ ቤቱ ነው። እየተመላለሰ ዜማውን ይይዛል፣ አይጣደፍም። ቀጥላችሁ ቀኝ እጃቸውን ስሙ። ቀኝ እጅ ተጓዡ ነው። ይወጣል፣ ይወርዳል፣ አንዳንዴ ፈጠን ብሎ እንደ ማሲንቆ ተጫዋች ድምፁን ያንቀጠቅጣል፣ ከዚያ ቆም ይላል። ምቱም እንደ ሰዓት ቆጣሪ እኩል አይደለም፤ ሰው ሲያስብ እንደሚራመደው ነው። ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ ይቆማል።

ሁለተኛው ነገር ቅኝቱ ነው። እንደሚታወቀው የኛ ዓለማዊ ሙዚቃ አራት ዋና ዋና ቅኝቶች አሉት፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። እያንዳንዱ በአምስት ድምፅ ብቻ የሚሄድ ነው። ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት፤ 52 ነጭ፣ 36 ጥቁር። ጥቁሮቹን ብቻ ብትነኩ የምትሰሙት አምስት ድምፅ እየተመላለሰ ነው፤ ከኛ ትዝታ አንዱ ዓይነት ድምፅ የሚወጣውም ከዚያ ነው። ስልካችሁ ላይ የፒያኖ አፕ ካላችሁ ሞክሩት። ጥቁር ጥቁሩን ብቻ፣ ቀስ ብላችሁ። እማሆይ ከአውሮፓ የተማሩትንና ይህንን የኛን ቅኝት፣ ከያሬዳዊው ዜማ ጋር በአንድ መሣሪያ ላይ አገናኙት። ሚኒማሊስት ከሚባሉት ወገን የሚቆጥራቸው የለም፤ ከነሱም አልተማሩም። በጥቂት ድምፅ ብዙ በመናገር ግን ጎረቤቶች ናቸው። ታዲያ ጎረቤቶቹን ደግሞ እንይ።

በ39 ዓመቱ ተማሪ የሆነው ሰው

ኤሪክ ሳቲ ፈረንሳዊ ነው። በ1866 ተወለደ፣ በ1925 ሞተ። በፓሪስ ምሽት ቤቶች ፒያኖ እየመታ ነበር የሚተዳደረው። በ1888 «ጂምኖፔዲ» የሚባሉ ሦስት አጫጭር የፒያኖ ሥራዎች ጻፈ። የመጀመሪያውን ፈልጋችሁ ስሙት። ግራ እጅ አንድ ወፍራም ድምፅ ይነካል፣ ከዚያ ለስለስ ያሉ ድምፆችን አንድ ላይ ይጫናል፤ ይህንኑ ይደጋግማል። ቀኝ እጅ ከላይ አንዲት ቀጭን ዜማ ይዘረጋል። በቃ ይኸው ነው። የሚያስደንቀው ዘመኑ ነው፤ ሌሎች ሙዚቀኞች ትልልቅ ኦርኬስትራ በሚያስጮኹበት ጊዜ እሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ስለ ሳቲ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። በወጣትነቱ ትምህርት ቤት አልሆነለትም ነበር። በ1905፣ ዕድሜው 39 ሲሆን፣ ስሙም በሙዚቀኞች ዘንድ እየታወቀ ሳለ፣ ከወጣቶች ጋር ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደገና ተማሪ ሆነ። በ1908 ዲፕሎማውን ያዘ። «እኔ እኮ ዕድሜዬ አልፏል» እያላችሁ የማታ ትምህርት ለመመዝገብ የምታመነቱ ወላጆች፣ ሳቲን አስታውሱ።

በጭብጨባ ብቻ

ስቲቭ ራይክ አሜሪካዊ ነው። ሚኒማሊዝም ከሚባለው ወገን ስሙ ቀድሞ ከሚነሣው አንዱ ነው። በ1970 ጋና ሄዶ ከበሮ ተማረ፤ ስለዚህ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ አህጉራችንም እጅ አላት። በ1972 የጻፈው አንድ ሥራ መሣሪያ የሚባል ነገር አይፈልግም። ሁለት ሰው ያጨበጭባል፣ አለቀ። ይህ ለኛ ዓይነቱ ትምህርት ቤት የተሠራ ነው የሚመስለው! አሠራሩን ከታች በመልመጃው እገልጻለሁ።

እዚህ ላይ የምትሰሙት ድግግሞሽን ነው። መጀመሪያ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ ያው አንድ ነገር» ትላላችሁ። ቆይታችሁ ግን ጆሯችሁ ይነቃል። ያው የነበረው ነገር ያው እንዳልሆነ ትሰማላችሁ። የአምቡሊን ወንዝ አስቡት። ለወራት ስታዩት ደረቅ አሸዋና ድንጋይ ነው። በየቀኑ የሚያልፍበት ሰው ግን ነፋሱ አሸዋውን የት እንዳዛወረው ያውቃል።

ስለ አንዲት እናት

አርቮ ፓርት በ1935 በኢስቶኒያ ተወለደ። አገሩ በኋላ በሶቪየት ሥር ወደቀች፤ ሙዚቃውም ከባለሥልጣናት ጋር አላስማማውም። በ1960ዎቹ መጨረሻ መጻፉን አቆመ ማለት ይቻላል፤ ለዓመታት አሮጌ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲያጠና ቆየ። በ1976 ዝምታውን የሰበረው በሁለት ገጽ የፒያኖ ሥራ ነው። ስሙ «ለአሊና» ማለት ነው። በ1980 እሱም ከቤተሰቡ ጋር አገሩን ለቆ ተሰደደ።

አሊና ከኢስቶኒያ ወጥታ እንግሊዝ አገር የምትኖር ወጣት ነበረች። እናቷ ኢስቶኒያ ቀርታለች። በዚያን ጊዜ ድንበሩ እንደ ልብ የሚታለፍ አልነበረም። ሥራው አሠራሩ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ አንድ ወፍራም ድምፅ ይመታና ይተዋል። ከዚያ በላይኛው የፒያኖ ክፍል ሁለት ድምፅ፣ ዝምታ። ሦስት ድምፅ፣ ዝምታ። አራት፣ አምስት እያለ ይጨምርና ተመልሶ ይቀንሳል። ሁለቱ እጆች እኩል ይሄዳሉ፤ አንዱ ደረጃ በደረጃ ይራመዳል፣ ሌላው ከሦስት ድምፆች አይወጣም። ድምፁ እንደ ትንሽ ደወል ነው። ይህን ስትሰሙ ድምፁን ሳይሆን በመካከል ያለውን ዝምታ ጠብቁ።

ግቢያችን ውስጥ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ዓረብ አገር ናት፤ ስትደውል ደስ ይላቸዋል፣ ሳትደውል ስትቀር ቡናውን ብቻቸውን ያፈላሉ። ግድግዳችን ስስ ስለሆነ የኔ ስልክ እሳቸው ጋ ይሰማል። አንድ ማታ ይህንን ሥራ ሁለቴ ሰምቼ ዘጋሁት። ከግድግዳው ማዶ ድምፃቸው መጣ። «ልጄ፣ ያቺን ቀስ የምትለዋን ድገማት እስቲ።» ደገምኳት። ስለ አሊናም ሆነ ስለ እናቷ ነግሬአቸው አላውቅም ነበር። በማግስቱ ቡና ላይ ነገርኳቸው። ሲኒውን ይዘው ትንሽ ዝም አሉና «ታዲያ ተገናኙ?» ብለው ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው? «ሙዚቃው ደርሷታል» አልኳቸው።

ከውጭ ብቻ የመጣ ነው ወይ?

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። እስቲ በገናን አስቡ። በዐቢይ ጾም የምንሰማው በገና አሥር አውታር አለው፤ ግን ሁሉም አይመቱም። ተጫዋቹ ከአሥሩ ስድስቱን ያህል ይመታል፣ የቀሩት ለጣት ማረፊያ ናቸው። ያ የሚነዝረው ድምፅ የሚመጣው በእያንዳንዱ አውታርና በተቀመጠበት መካከል ከሚገባው «እንዚራ» ከሚባል ትንሽ ቆዳ ነው። ዜማው አጭር ነው፣ ይመላለሳል። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ዓላማውም ማስጨፈር ሳይሆን ማሰላሰል ነው። እንደ ዓለሙ አጋ ያሉ የበገና መምህራን ይህንኑ ጠብቀው ለዓለም አሰምተዋል።

አሁን ሦስቱን ምልክቶች መልሳችሁ አስታውሱ። ጥቂት ድምፅ፣ ድግግሞሽ፣ ዝምታ። ሦስቱም በገና ላይ አሉ። ፈረንጆቹ በ1960ዎቹ ሚኒማሊዝም ሲሉ አባቶቻችን ጉዳዩን ከጀመሩት ብዙ ዘመን አልፎ ነበር። ስለዚህ ለዚህ ሙዚቃ እንግዶች አይደለንም። ጆሮአችን ቀድሞ የሚያውቀውን ነው የምናስታውሰው።

ለክፍል የሚሆን መልመጃ

የራይክን አሠራር ተከትለን የሠራነው ነው። 12 ምት ቁጠሩ። ከነዚህ 8ቱ ጭብጨባ፣ 4ቱ ዝምታ ናቸው። በሰሌዳ ላይ እንዲህ ጻፉት፤

ጭብ ጭብ ጭብ – ጭብ ጭብ – ጭብ – ጭብ ጭብ –

ሰረዙ ዝምታ ነው። መጀመሪያ ክፍሉ በሙሉ አብሮ ያጨብጭብ። ሲለምዱት ለሁለት ክፈሏቸው። አንደኛው ወገን ያንኑ ሳይቀይር ይቀጥላል። ሁለተኛው ወገን ጥቂት ጊዜ አብሮ ከደጋገመ በኋላ አንድ ምት ይቀድማል፤ ማለትም ከሁለተኛው ጭብጨባ ይጀምራል፤

ጭብ ጭብ – ጭብ ጭብ – ጭብ – ጭብ ጭብ – ጭብ

ከዚያ ደጋግሞ እንደገና አንድ ይቀድማል። እንዲህ እያለ 12 ጊዜ ከተዛወረ ሁለቱ ወገኖች እንደገና እኩል ይገናኛሉ። ለሒሳብ አስተማሪዎችም ይጠቅማል፤ ዙር መቁጠርን፣ 12ን መከፋፈልን፣ ትዕግሥትን ታስተምሩበታላችሁ። ወጪው ዜሮ ፍራንክ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ እኛ 12ቱን ዙር እስከ ዛሬ አልጨረስንም። አራተኛው ላይ እንበተናለን፣ ሳቅ ይመጣል። ከባዱ የሚቀድመው ወገን ይመስላችኋል፤ አይደለም። ከባዱ ሳይቀይር የሚቆየው ነው፤ ጎረቤቱ ሲለወጥ እሱም ሊለወጥ ይፈልጋል። ያ ዘፋኙን የጠየቀው ልጅ የማይቀይረው ወገን ውስጥ ነበር። ሁሉም ሲስቱ እሱ አልሳተም። ከዚያ ሌሎቹ እንዲመለሱ ብሎ ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...»። ድምፁን ያን ቀን በደንብ ሰማነው።

በቤት ለምታዳምጡ

አምስት ምክር ብቻ። አንደኛ፣ ሲመሽ ስሙ፤ ቀን በአውሮፕላኑና በመኪናው ድምፅ ይዋጣል። ሁለተኛ፣ አጭር ምረጡ፤ ሦስት አራት ደቂቃ ይበቃል። ሦስተኛ፣ አንዱን ሦስት ጊዜ ስሙ እንጂ ሦስት የተለያየ አትስሙ፤ መጀመሪያ ዜማውን፣ ቀጥሎ ግራ እጁን፣ በመጨረሻ ዝምታውን። አራተኛ፣ ካልወደዳችሁት ተዉት፤ ፈተና አይደለም። አምስተኛ፣ ከተቻለ ከሌላ ሰው ጋር ስሙና በኋላ ምን እንደታሰባችሁ ተጨዋወቱ።

በመጨረሻ

አንዳንድ ወላጅ «ልጆቻችን እንግሊዝኛና ሒሳብ ሳይችሉ ሙዚቃ ምን ያደርግላቸዋል?» ሊለኝ ይችላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሙዚቃ ሰርተፊኬት አይሰጥም፣ ምግብም አይሆንም። እኔም የዩኒቨርሲቲ ውጤቴን የያዘችው ወረቀት በፌስታል ተጠቅልላ ሻንጣ ውስጥ አለች፤ ሦስት ዓመት ተምሮ አራተኛውን ያላየ ሰው ወረቀት። «በምንድን ነው የተመረቅከው?» ሲሉኝ ለዓመታት ወሬ እቀይር ነበር።

የእማሆይን ታሪክ ስሰማ በመጀመሪያ የያዘኝ ያ የተዘጋው በር ነው። የተከለከለ ነገር ሁሉ በረከት ነው የሚለውን ስብከት አልወደውም። ለንደን ቢሄዱ ጥሩ ነበር፤ እኔም ብጨርስ ጥሩ ነበር፤ እነዚህ ልጆችም ከትምህርት ቤታቸው ባይነቀሉ ጥሩ ነበር። ግን እማሆይ የቀራቸውን ቆጠሩ። ሁለት እጅ፣ አምስት ድምፅ፣ አንድ ፒያኖ። በሱ ደግሞ ደጅ ለሚያድሩ ተማሪዎች ደረሱ። ቀላል ሙዚቃ የሚያስተምረኝ ይህንን ነው፤ ጥቂት ማለት ባዶ ማለት አይደለም፤ ጥቂቱን በደንብ መስማት ግን ይጠይቃል።

ያ ልጅ አሁንም አንዳንዴ ይጠይቀኛል፤ ጥያቄው ግን ተቀይሯል። ባለፈው ሳምንት መብራት ሲጠፋ «ቲቸር፣ ያቺን ዘፋኝ የሌላትን ክፈትልን» አለኝ። የስልኬ ባትሪ አልቆ ነበር። «እንግዲያው እናጨብጭብ» አለ። አጨበጨብን። አምስተኛው ዙር ላይ ደረስን።

12ኛው ላይ ስንደርስ በዚችው ጋዜጣ አሳውቃችኋለሁ። የናንተ ክፍል ከቀደመን ደግሞ ጻፉልን።

ቸር ይግጠመን።